የለቅሶው ድንኳን ወንጪ ወረደ

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ ጉርሜሳን የማያውቀው ጎማው ተንፍሶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከጋራዦቹ ተርታ ጫፍ ላይ በቆርቆሮ የከለላት ጎሚስታ ነበረችው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ ቁጣው ቅርብ ነው። ባለታክሲዎቹ "ጉርሜ፣ በናትህ ቶሎ በል" ሲሉት "ከቸኮልክ በሦስት ጎማ ሂድ" ይላቸዋል። እንዲያም ሆኖ ሰው ይወደው ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከዘመድም ከቄስም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነዋ። የእድሩን ድንኳን የሚጠብቀውም፣ የሚተክለውም፣ የሚያጥበውም ጉርሜሳ ነው።

ድንኳን መትከል ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል። ጉርሜሳ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን ወዮለት። ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታ በዓይኑ ለክቶ፣ ካስማውን መትቶ፣ ገመዱን ወጥሮ ሲጨርስ ነፋስ ቢመጣ ጎርፍ ቢመጣ ድንኳኑ ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ የአጥቢያውን ቄስ እንኳ የማይሰማበት። ድንኳኑን አጥቦ ሲያደርቅ ሣር ላይ ይዘረጋዋል እንጂ በምሰሶ አያቆመውም። ሟች ሳይኖር የቆመ የለቅሶ ድንኳን ሟቹን ራሱ ይፈልጋል ብሎ ያምናል። ልጆች ጫፉን በእንጨት አቁመው ከሥሩ ሲጫወቱ ካየ በካስማ መምቻው ያባርራቸዋል።

ለሰፈሩ ሁሉ ድንኳን የተከለው ይህ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ አልተክልም ብሎ ነበር፤ ለገዛ ወንድሙ ለደጋጋ። ደጋጋን እንደ ልጅ ያሳደገው እሱ ነው። ደጋጋ በባድመው ጦርነት ጊዜ፣ ሸዋዬን ባገባ ማግሥት ሊባል በሚችል ጊዜ ዘመተ። ጦርነቱ አበቃ፣ ምርኮኞች ተመለሱ፣ ደጋጋ ግን ሞተም አለም ሳይባል ቀረ። ሸዋዬ እዚያው ጉርሜሳ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል እየኖረች፣ ካዛንቺስ ከአንድ ቡቲክ ጀርባ ልብስ እያስተካከለች ትጠብቃለች። መጠበቅ ከተባለ ማለት ነው። ሚስትም አይደለችም፣ የሟች ሚስትም አይደለችም፤ ሠርግ ስትሄድም ለቅሶ ስትሄድም የት እንደምትቀመጥ አታውቅም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደአረጋይ ስንት ጊዜ ለመኑት። "ጉርሜሳ፣ ይቺ ልጅ አልቅሳ ይውጣላት እንጂ።"

"ሬሳውን አይተዋል? አላዩም። እኔም አላየሁም" ይላቸዋል።

አንድ ጊዜ ሸዋዬ ማድቤት ውስጥ አፏን በነጠላዋ አፍና ስታለቅስ ሰማትና በሩን በእግሩ በርግዶ "አታሟርችበት!" ብሎ ጮኸባት። ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ድንኳኑ እስካልቆመ ድረስ ደጋጋ የሆነ ቦታ በሕይወት አለ ብሎ ስለሚያምን ነው።

በ1996 ጥቅምት ላይ የጋሽ ወልደአረጋይ ልጅ ሔኖክ ወደ ጎሚስታው መጣ። ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይሠራል፤ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛል፣ ግን ጥሩ ልጅ ነው።

"ጋሼ ጉርሜሳ፣ ማለቴ፣ እኛ ከሥራ ቦታ ልጆች ጋር ካምፒንግ ልንወጣ ነው። ወንጪ ሐይቅ። ሁሉ ነገር ሬዲ ነው፤ ድንኳን ብቻ ነው ያጣነው።"

"እኔ ጋ ያለው የለቅሶ ነው።"

"በቃ ድንኳን ድንኳን ነው አይደል? ፋዘርን አስፈቅጃለሁ።"

ጉርሜሳ ሊያባርረው የካስማ መምቻውን በዓይኑ ፈለገ። ግን ወንጪ የሚለው ስም ሆዱ ውስጥ ገብቶ ነበር። የተወለደው ከዚያ ተራራ ማዶ ነው። እናቱ ሲሞቱ ደጋጋን አዝሎ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም። "ድንኳኑ ያለ እኔ አይሄድም" አለ። ይቺን ሲል ያንን ሁሉ ዘመን የጠበቀውን ነገር በገዛ አፉ አፈረሰ፤ ለራሱም ቢሆን "ሰፈር ውስጥ ካልቆመ ምን አለበት" ብሎ አሳበበ።

ቅዳሜ የተሳፈሩበት መኪና ከወንጪ ተራራ አፋፍ በታች መውረድ ስላልቻለ ድንኳኑንና ምሰሶዎቹን በፈረስ ጫኑ። በነጭ ሸራ የተጠቀለለው ረጅም ሸክም ከፊት፣ የከተማ ልጆቹ ብርዱ አንገታቸውን አስቀብሯቸው ዝም ብለው ከኋላ፣ ጉርሜሳ በጥቁር ካፖርቱ ከጎን። ቁልቁለቱ ላይ ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩዋቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጉርሜሳ ይህን አይቷል። የአገሬ ሰው ጨዋ ነው ብሎ አለፈው።

ሐይቁ ከታች ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ተራራው ዙሪያውን ከቦታል፤ ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ ድምፅ ሲወጣ ውሃው የሚውጠው ይመስላል። በደሴቲቱ ላይ የቤተክርስቲያን ጣሪያ ይታያል። ከልጆቹ አንዷ ፀሎት የምትባለው፣ ሳቂታዋ፣ እዚያ ከደረሰች በኋላ አልሳቀችም።

ጉርሜሳ ድንኳኑን ተከለ። በግርግዳው ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈው የእድሩ ስም ወደ ሐይቁ ዞረ። ሔኖክ ዳር ላይ ታስራ ያገኛትን ከግንድ የተፈለፈለች ታንኳ፣ ባለቤቷን ሳይጠይቅ፣ "አንዴ ልዙርባት" ብሎ ፈታት። ጉርሜሳ ካስማ እየመታ ስለነበር ቀና ሲል ልጁ ርቋል። ብዙም ሳይቆይ ከተራራው ጉም ወረደ። ቀስ ብሎ ነው የወረደው። መጀመሪያ ደሴቲቱን፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ ቀጥሎ ሔኖክን ሸፈነ።

ሰዎች መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። አንድ ሽማግሌ በቡሉኮ ተጠቅልሎ ከጉሙ ወጣና ማንንም ሳያናግር ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከኋላው ሁለት ሴቶች። ከዚያ አንድ ቤተሰብ። ከዚያ ማን እንደሆኑ መለየት አስቸገረ። አይናገሩም፣ አያስሉም፤ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ።

ፀሎት የጉርሜሳን ካፖርት ያዘች። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው? ለምንድን ነው የማያወሩት?"

ጉርሜሳ ያን ጊዜ ገባው። እንዲህ ያለ ድንኳን፣ እንዲህ ያሉ ከተሜዎች ወደዚህ አገር የሚመጡት አዲስ አበባ የሞተ ሰው ወደ ትውልድ ቦታው ሲመለስ ነው። ሰዎቹ ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ያፈረውን ማፈር! ለሰፈር ቢነገር ዓመት ያስቃል። እዚያ ቦታ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ከሁሉም ፊት የተቀመጠች አሮጊት በኦሮምኛ "ሬሳው የት አለ?" አለችው።

በልጅነቱ ቋንቋ "ሬሳ የለም እናቴ" አላት።

አሮጊቷ ወደ ሐይቁ ዞረች። "ውሃው አልመልስ አለ?"

"አይደለም እናቴ። ማንም አልሞተም። እነዚህ ልጆች ሊዝናኑ ነው የመጡት።"

ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። ማንም አልተነሳም። አሮጊቷ ጉሙን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ በጣም ረጋ ብላ "እንግዲያው ገና ነው" አለች። ሌሎቹም ለመጠበቅ የተመቻቸ ሰው እንደሚያደርገው እግራቸውን አጥፈው ተደላደሉ።

ጉርሜሳ ወደ ውሃው ሮጠ። "ሔኖክ!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹም ጮኹ። ድምፃቸው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ተመልሶ ምሰሶውን ሊነቅል ሲይዝ ሽማግሌው እጁን ያዘው። የሽማግሌው እጅ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። "ያልተለቀሰበት ድንኳን ይነቀላል እንዴ?" አለው። አይነቀልም። ይህንን ከጉርሜሳ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

እዚያው ምሰሶውን እንደያዘ ቆመ። ጋሽ ወልደአረጋይን ምን እላቸዋለሁ? ልጅዎን በለቅሶ ድንኳን ሸኘሁት ልበል? ድንኳኑ አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ሰዎቹም ቁጭ ብለው እየጠበቁለት ነው። ጉርሜሳ የሚሰጠው ስም ነበረው። አንድ ብቻ። እሱን ላለመስጠት ነበር ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው የተጣላው፣ ሸዋዬ ላይ በር የበረገደው።

"ደጋጋ ነው" አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። "ወንድሜ ነው። ደጋጋ። ጦር ሜዳ ነው የቀረው። ሬሳውን አላየሁም።"

አሮጊቷ "ዋ ደጋጋ!" ብላ ደረቷን መታች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ተነሳ። የማያውቁትን ሰው ስሙን እየጠሩ፣ ቁመቱን እንዳዩት፣ እጁን እንደጨበጡት ሁሉ አለቀሱለት። ጉርሜሳም ወንበር አልነበረምና ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፀሎት ምንም ሳይገባት አብራው አለቀሰች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ታንኳዋ ዳሩን ስትነካ ሰሙ። ሔኖክ እየተንቀጠቀጠ ወረደ።

"ሰውየውስ የታለ?" አለ።

"የምን ሰውዬ?"

"ከፊቴ ሲቀዝፍ የነበረው። ኧረ ጋሼ፣ ጠፍቼ ነበር እኮ። ለቅሶውን ሰማሁ፣ ግን ከየት እንደሚመጣ፣ በቃ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ነው። ከዚያ አንዱ ከፊቴ ሲቀዝፍ ሰማሁትና ተከተልኩት። ቀድሞኝ ደርሷል እኮ።"

ዳሩ ላይ ሌላ ታንኳ አልነበረም። አሮጊቷ በአማርኛ የተባለውን ሰምታ ይሁን ሳትሰማ፣ ተነስታ የጉርሜሳን ራስ ዳበሰችና "እግዜር ያጥናህ" ብላው ሄደች። በማግሥቱ ጠዋት የአገሩ ሰው ንፍሮ ይዞ መጣ። ልጆቹ ሊቀምሱት ፈሩ፤ ጉርሜሳ በላ። ድንኳኑን ሲነቅል ማንም አልከለከለው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ሲደርሱ ሸዋዬን በሯ ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ስትተረትር አገኟት። ሌላ ሰው ቢሆን ቀን ይመርጥ ነበር። ጉርሜሳ እንደቆመ፣ ጭቃው ከሱሪው ላይ ሳይረግፍ፣ "ለደጋጋ ተለቀሰለት" አላት።

መቀሷ ቀሚሱ ላይ ቀረ። "ማን ነው ያለቀሰለት?"

"የወንጪ ሰዎች።"

"ያውቁት ነበር?"

"አያውቁትም።"

"እርስዎስ?"

"እኔም አለቀስኩ።"

"እኔን ከልክለውኝ" አለች። አልጮኸችም። "ማድቤት ውስጥ እንኳ ከልክለውኝ፣ ሟርተኛ ብለውኝ፣ እርስዎ በማያውቁት ሰዎች አስለቀሱለት። ምነው? ምን ሰምተው ነው?"

ምንም አለመስማቱን ነገራት። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጉሙ፣ ቁጭ ብለው ስለጠበቁት ሰዎች፣ ስለ ሔኖክ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስትሰማው ዓይኗ ከፊቱ አልተነቀለም።

"የሌላ ሰው ልጅ ለማዳን ደጋጋን ሰጠኸው?" አለች። አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጣ ነበር። "ሰጠሁት" አለ።

የግቢው በር ላይ ሔኖክ ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ቆሟል። ሸዋዬ አየችው። እርጥብ ጫማውን፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩን፣ ያቺን በቅባት የተኛች ጸጉሩን ለብዙ ጊዜ አየች። ምን እንደምታስብ ጉርሜሳ ሊያውቅ አልቻለም፤ ልጁን ብትጠላው እንኳ አልፈርድባትም ብሎ አሰበ።

"እንኳን ዳንክ" አለችው ሔኖክን። ከዚያ ቀሚሱን አጣጥፋ አስቀመጠችና ወደ ጉርሜሳ ዞረች። "በል ለእኔም ትከልልኝ።"

ጉርሜሳ በገዛ ግቢው ውስጥ ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታ ለመምረጥ ዓይኑ አልታዘዝ አለው። ካስማውን ሲመታ ሳተ። ገመዱን ሊቋጥር ጣቶቹ ተሳሰሩበትና ሸዋዬ ተቀብላው ቋጠረች። ሔኖክ ምሰሶውን አቅፎ ያለቅሳል። ሸራው ገና የሐይቁን እርጥበት እንደያዘ ቀና ብሎ ቆመ፤ የግቢውን ብርሃን ቀነሰው።

ጋሽ ወልደአረጋይ ድንኳኑን ከመንገድ አይተው እየተጣደፉ ገቡ። ልጃቸውን ሲያዩ ደነገጡ፤ እንባውን ሲያዩ ይበልጥ ደነገጡ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?" አሉ።

ጉርሜሳ አፉን ከፈተ። ለማያውቃቸው ሰዎች የተናገረው ስም እዚህ፣ ደጋጋ ኳስ በተጫወተበት ግቢ ውስጥ፣ አልወጣ አለው።

"ባሌ ነው ጋሼ" አለች ሸዋዬ። "ዛሬ ነው የሞተብኝ።"

ጋሽ ወልደአረጋይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ከእሷ አጠገብ ተቀመጡ።