ግሊመር የሚለው ቃልና የእጅጋየሁ ደብተር

እጅጋየሁ ሰው ታምናለች። በሽታዋ ይኸው ነው፤ ሌላ ነውር የለባትም። ድብ ባሕር በምትባል የገጠር ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ስታስተምር አንድም ተማሪ አልገረፈችም። ልጆቹ ቃል ሸምድደው በማግስቱ ሲረሱባት ግን አንጀቷ ይቃጠላል። ለዚህ ብላ አንድ ደብተር አበጀች። የእንግሊዝኛውን ቃል ትጽፍና ትርጉሙን ወርውራ ከማለፍ ይልቅ፣ ቃሉ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ከራሷ ኑሮ እያመጣች ታወጋበታለች።

ከሁሉ የምትወደው ግሊመር የሚለውን ነበር። መዝገበ ቃላቱ «ጭላንጭል» ብሎት ያልፋል። እሷ መች በዚህ ትረካ! እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ግሊመር ደካማ ብርሃን ነው፤ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከሩቅ ነው የሚታይ። የቀትር ፀሐይ ግሊመር አትባልም። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉሙ መንገዱን ይውጠው ነበር። እናቴ ፋኖሷን አብርታ ደጃችን ካለው ወይራ ላይ ትሰቅልልኛለች። እግሬን እንኳ አላይበትም። ቤት እንዳለኝ ብቻ ያሳየኛል። ግሊመር ማለት እሱ ነው። እንግሊዞች ተስፋ ሲመነምንም ‹የተስፋ ግሊመር› ይላሉ፤ አይበቃም፣ ግን አለ።» ይህን ካነበበችላቸው ወዲያ ቃሉን የሚረሳ የለም።

ባምላክ የመንደሯ ልጅ ነው፤ ከጎኗ ባለው ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል። ኋላ ወደ ጎንደር ተዛውሮ ፀዳ ከሚባለው ሰፈር ቤት ሠራ። ከሁለት ዓመት በፊት ዘመድ ጥየቃ መጥቶ «እጅጌ፣ ያን ሸጋ ደብተርሽን ለሳምንት አውሺኝ፤ ኮፒ አድርጌ ለተማሪዎቼ ላንብብላቸው» አላት። እሷ ደግሞ፣ ታውቋት የለ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ደብተሩም በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ደወለላት። «መጽሐፌ ይመረቃል፤ ሳትቀሪ!»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ እንግሊዝኛ ቃላት። ስትመጪ ታዪዋለሽ።»

«ከደብተሬ ወስዶ ስሜን አስገብቶልኛል ማለት ነው» ብላ ለመምህራኑ ሁሉ አወራች። አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ጎንደር ገባች። አዳራሹ በር ላይ መጽሐፉን ተቀብላ የምስጋናውን ገጽ ገለጠች። ሚስቱ አለች፣ አለቃው አለ፣ በኮምፒውተር የጻፈችለት ልጅ ሳትቀር አለች። እጅጋየሁ የለችም። ወደ ውስጥ ገለጠች፤ ቃላቱ የሷ፣ ምሳሌው የሷ፣ አረፍተ ነገሩ ሳይቀር የሷ! ኧረ የአምላክ ያለህ! እንዲያም ሆኖ ልትውጠው ነበር። የኛ ሰው ሲበደል መዋጥ ይቀናዋል።

ባምላክ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ግሊመርን አነበበ። «እናቴ ፋኖሷን አብርታ…» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ወይ መድኃኔዓለም! በሰው እናት እንባ! ቃሉንስ ይውሰድ፤ እናት ትሰረቃለች? ሕዝቡ አጨበጨበ።

ቀጥሎ መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጡት ወደ ባምላክ እናት፣ ወደ እማሆይ ታየች ሄደ። እጅጋየሁ እፎይ አለች። እማሆይ ያውቃሉ! የእናቷ ጎረቤት ነበሩ፤ ለዚያ ፋኖስ ላምባ ሲጠፋ ከቤታቸው ቀድተው የሚሰጡ እሳቸው፤ እናቷ ስትሞትም ደረታቸውን ደቅተው አልቅሰዋል። ደግሞ ቆብ ደፍተዋል፤ ቆብ የደፋ ሰው እንዴት ይዋሻል? ብድግ አለች።

«እማሆይ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ያ ፋኖስ የማን ነበር?»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። ባምላክ መጽሐፉን ከደነ። እማሆይ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። መቁጠሪያቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«የኔ ነው» አሉ። «ለልጄ የሰቀልሁት እኔ ነኝ።»

እልልታው ቀለጠ። እጅጋየሁ ከእማሆይ ኋላ ካለው ወንበሯ ላይ ተዘረፈጠች። ባምላክ ከመድረክ ወርዶ እናቱን ሲያቅፍ ፎቶ አንሺው «እናትና ልጅን ላንሳ፣ እባክሽ ዞር በይልኝ» አላት። ዞር አለችለት።

ስትወጣ እማሆይ በሩ ላይ ደርሰው የነጠላዋን ጫፍ ያዙ። «እጅጌ፣ አትቀየሚኝ ልጄ። በሰው ፊት ላዋርደው? እኔም እናት ነኝ።»

«እናቴም እናት ነበረች» አለች እጅጋየሁ። እንባዋ አሁን ነው የመጣ። «እማሆይ፣ እናቴን ሞት ወሰዳት እንጂ አልካዳትም። የካዷት እርስዎ ነዎት።»

ነጠላዋን ከእጃቸው አላቀቀችና ወደ መናኸሪያው ወረደች።