ውሃ ውስጥ ያደረችው ታንኳ

የረጠበ ደንገል ሽታ ከየትም ቢመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀሰቅስብኝ ቅናቴን ነው። ሰው ልጅነቱን ሲያወራ ደግ ደጉን ይመርጣል፤ እኔ ግን በአክስቴ ልጅ በይርጋ እየቀናሁ ነው ያደግሁት፣ ያውም ምንም ሳያደርገኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ክረምት ከተማችን ጉም ለብሳ ስትከርም፣ እሱም ከቢሮ ወደ ውይይት ክበብ፣ ከውይይት ክበብ ወደ ቤት እየተመላለሰ፣ አለቆቹን «ጓድ» እያለ አንገቱን ደፍቶ ይከርም ነበር። ማታ ደብተሬን አገላብጦ «ጎበዝ» ይለኝና ራዲዮኑን ይከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይተነፍስም።

የመስከረም አበባ ጠውልጎ አጨዳው ሲያልቅ ግን የጣና ናፍቆት ይነሣበት ነበር። የተወለደው ሐይቁ ዳር ነውና በጥር የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አጽፎ፣ እኔን አስከትሎ እስከ ወረታ በጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግር ታላቅ እህቱ ቤት ይወርድ ነበር። እዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ጫማውን አውልቆ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል፣ ድምፁ ይጎላል፣ ይስቃል፤ የሰፈሩ ሰው የደንገል ታንኳ ሊያስር ሲል «እሱ ይምጣና ቋጠሮውን ይይልን» እያለ ይጠብቀው ነበር።

ያን ሌላውን አባቴን የወሰደብኝ ይርጋ ነበር። እኩዮች ነን፤ ግን ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቀሰው እሱ ነው። አባቴ ዳር ቆሞ በጣቱ እያመለከተ ያስተምረዋል።

«ጧት ጧት የደንገሉን ጥግ ይዘህ ቅዘፍ፣ ነፋሱ አያገኝህም። የርብ ወንዝ ወደሚገባበት አትጠጋ፣ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ጉማሬው አይታይህም። ከሾላው በታች ያለችው ጎድጓዳ ግን ጸጥ ያለች ናት፣ እዚያ እንደ ልብህ።»

«እሺ አጎቴ፣ እንዳሉኝ» ይላል ይርጋ።

እኔ ከአክስቴ ጋር ምስር እየለቀምሁ ሁሉንም እሰማ ነበር። አንድ ቀን አባቴን «እኔንስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ትምህርትሽን» አለኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኔን ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጥር አባቴና ይርጋ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ ደንገል ሲያስሩ ሰንብተው፣ ለይርጋ የምትሆን አንድ ሰው የምትይዝ ታንኳ ሠሩ። ይርጋ የመቅዘፊያ ሸምበቆውን ይዞ ወደ ጎድጓዳዋ ሲቀዝፍ የአባቴን ፊት አየሁት። እንዲያ አድርጎ እኔን አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ታንኳ ውሃ ውስጥ አታድርም። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ወጥታ ዛፍ ተደግፋ ቆማ መድረቅ አለባት። ይህን የሐይቅ ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ይርጋም ሾላው ላይ አቁሟት ለእራት ገባ። እኔ ቀስ ብዬ ወጥቼ ገፍቼ ጣልኋት፣ ቁልቁል ጎትቼ ውሃው ላይ ካወረድኋት በኋላ ደንገሉ መሃል ሸጎጥኋት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በማግሥቱ ስናገኛት ማዕበሉ ማሰሪያዋን አላልቶት፣ ግማሽ ጎኗ ሰጥሞ ነበር። ይርጋ «እማዬ፣ አቁሜያት ነበር» እያለ ሲምል አክስቴ ልምጭ አነሣች። አባቴ ይርጋን አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የቀሚሴን ጫፍ አየ፤ ጭቃው ደርቆበት ነበር።

«ልጁን ተይው» አላት። «እኔ ነኝ። ማታ ልሞክራት ብዬ አውርጄ ረሳኋት።»

አክስቴ ልምጩን ጣለችና ሳቀች። «አንተ? ሐይቅ ዳር ተወልደህ ታንኳ ውሃ ውስጥ ታሳድር? በቃ፣ ከተማ በልቶሃል ወንድሜ።»

ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ «ጸሐፊው መጡ» እያሉ ቀለዱበት፤ ቋጠሮ እይልን የሚለውም ጠፋ። የቀሚሴን ጭቃ ግን አንድ ቀንም አላነሣብኝም። በሚቀጥለው ጥር ፈቃድ አልጠየቀም፣ ከዚያ በኋላም ወደ ሐይቁ አልወረድንም። አለቆቹ ፊት አንገቱን ሲደፋ ባየሁት ቁጥር፣ ቀና የሚልባትን አንዲት ቦታ የቀማሁት እኔ መሆኔን አውቅ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። አምና ወደዚያ ብሄድ፣ ዳሩ ላይ ለጎብኚ የሚከራዩ ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባዎች ታስረው አገኘሁ፤ ሌት ተቀን ውሃ ላይ ናቸው፣ የሚያወጣቸውም የለም። ይርጋ ሸብቷል። ለልጅ ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚቀዘፍ የሚነግራቸው በአባቴ አነጋገር ነው፣ እኔ በማልችለው አነጋገር፤ ስሰማው አሁንም ቀናሁ። ከዚያ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «የዚች አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁሉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግን አንድ ቀን ታንኳ ውሃ ውስጥ ረስተው አሳደሩ» አላቸው።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።