እስከ ፍሪሞንት የበላነው ዳቦ ቆሎ

በኢንግሊዝኛ «ጉድ ሞርኒንግ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ከማለት በቀር ምንም በማላውቅበት ዘመን፣ አንድ ፉርጎ ሙሉ አሜሪካዊ ከፍሩትቬል እስከ ሄይዋርድ ሆዱን ይዞ እስኪስቅ አስቄአለሁ። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ሚስቴ ይኼን ሁሉ ዓመት አብራኝ ኖራ እስካሁን አላመነችኝም። ልጄማ «ዳዲ፣ ኖ ዌይ» ብላ ነው የምትዘጋው። ግድ የለም። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ የለም፣ ያወቅሁትንም ሁሉ ከሰው አፍ ነው የለቀምኩት። ምላስ ግን ሰጥቶኛል። ያን ቀን ያቺ ምላስ የሠራችውን ሥራ ብታዩ ኖሮ ዲፕሎማውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ትሰጡኝ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ የተሳፈርኩት ባቡር ነው። ልጄ ሳን ሆዜ ጓደኛዋ ዘንድ ልትሄድ ስትነሳ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር አብሬያት በባቡር ሄድኩ። ባቡሩ ዛሬ ከፍሪሞንት አልፎ ሚልፒታስ ገብቶ ሳን ሆዜን ይነካል። አዲሶቹ ፉርጎዎች ጽዱ ናቸው። ወንበሩ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል፣ ወለሉም እንደ ሆስፒታል ኮሪደር የሚያብረቀርቅ ነው። የድሮዎቹ ወለላቸው ምንጣፍ ነበር፣ ወንበራቸውም ወፍራም ጨርቅ። ሥራ ውለህ ስትቀመጥበት እንደ ዘመድ ቤት ሶፋ ይውጥሃል። ይኼንን ሁሉ ለልጄ ስተርክላት ቆይቼ፣ ፍሪሞንትን አልፈን ወደ ሚልፒታስ ስንገባ ዝም አልኩ። እኛ ቤት እኔ ዝም ካልኩ አምቡላንስ ይጠራል።

«ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። ብርሃኑ ትዝ ብሎኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መካከል እኔና ብርሃኑ ኤል ሴሪቶ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ኦክላንድ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና አቆማለሁ። እሱ ደግሞ ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሲበይድ ይውላል። ባቡሩ ያኔ ፍሪሞንት ላይ ያልቅ ስለነበር ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ይይዛል። ጠዋት ባቡሩ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ ማታም ተኝቶ ይመለሳል። ከኤል ሴሪቶና ከፍሪሞንት መካከል ያለውን አገር በእንቅልፉ ካልሆነ በቀር አያውቀውም።

ብርሃኑ ዝምተኛ ነበር። ሲስቅ እንኳ መጀመሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። የሚሳሳለት ነገር ቢኖር አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ነበር። እናቱ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የላኩለት ነው። ከረጢቱ ነጭ አቡጀዲ፣ አፉም በቀይ ክር በእጅ የተሰፋ ነበር። ክሩን ሲተረትር እንኳ ላለመበጠስ ሲጠነቀቅ አይቼዋለሁ። ማታ ከሥራ ሲመለስ አንድ እፍኝ ዘግኖ ይቆረጥማል፣ ከዚያ ከረጢቱን በዚያው ክር አስሮ ልብሶቹ ሥር ይደብቃል። የሚደብቀው ከእኔ ነው፣ ልክ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ጋሽ ተሰማ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። ጋሽ ተሰማ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢንጂነር ናቸው። በኋላ ለመጣነው ለእኛ ለስደተኞቹ አባትም ቀበሌም ነበሩ። እኔን ግን እምብዛም አይወዱኝም። ለቅሶ ቤት ሰው ካሳቅሁ ወዲህ ሰላምታቸውም ቀዝቅዞ ነበር። ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ጠሩኝ።

«ሽፈራው፣ የብርሃኑ እናት አርፈዋል። ትናንት ለእኔ ተደወለልኝ።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለባለቤቱ አይደወልም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። በገዛ ቤቱ፣ ዘመድ ባለበት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ደጁ ይንኳኳ ነበር። እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ ሺፍት አለበት። የብርሃኑ ብቸኛ ዘመድ ደግሞ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አጎቱ ናቸው፣ መኪና እየነዱ የሚደርሱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ቅዳሜ ቤታችሁን እንፈልገዋለን» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ሴቶቹ ገብተው ምግብ ይሠራሉ፣ እኛም ወንበር እናስገባለን። አንተ ከጠዋት ጀምሮ ይዘኸው ጥፋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አምጣው።»

«ምን ብዬ ነው ቀኑን ሙሉ የምይዘው ጋሼ?»

«ቀልደኛ አይደለህ እንዴ? እስከ ዛሬ ለፌዝ ነበር፣ አሁን ለቁም ነገር ተፈለግህ። ብቻ ከፊትህ ላይ እንዳያነበው። አደራ።»

ያን ሰዓት ማዘን ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ኩራት ነው። ታላላቆቹ መክረው መክረው፣ ይኼን ሥራ ከሽፈራው በቀር የሚችለው የለም አሉ ማለት ነው። ሁለቱን ቀን ፓርኪንግ ውስጥ የማወራውን ስለማመድ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርሃኑ የቆሸሸ ልብሱን ሲሰበስብ አገኘሁት።

«ተወው፣ ባቡር ልንሳፈር ነው» አልኩት።

«ሳምንቱን ሙሉ ተሳፍሬ፣ ቅዳሜም ልሳፈር?»

«አንተ ተሳፍረህ አታውቅም። አልጋህ ነው እየሄደ የሚመለሰው። ዛሬ ዓይንህን ገልጠህ ጣቢያ ስትቆጥር ትውላለህ። ሾፌሩ እኔ ነኝ።»

«ልብስ ላጥብ ነበር።»

«ልብሱ ጥሎህ አይሄድም፣ ተነስ።»

ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ልብሶቹ ሥር ሰዶ ከረጢቱን አወጣና ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። «መንገድ ላይ እንዳትራብብኝ» አለኝ። ያቺን ዳቦ ቆሎ ስንት ማታ ሰርቄው ሲሰድበኝ የነበረ ሰው ነው።

ከጣቢያ ካልወጣህ ባቡር ብትቀያይር የሚጠይቅህ የለም። ጠዋት በባህሩ ሥር ባለው ዋሻ አልፈን ወዲያ ማዶ እስከ ዴሊ ሲቲ ሄድን፣ ጉም አይተን በረደን፣ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ የፍሪሞንቱን ያዝን። የበጋው መጨረሻ ነበር። ባቡሩ ኦክላንድን ሲጨርስ ከመሬት ሥር ይወጣና ከቤቶች ጣራ በላይ ይሄዳል። የሰውን ጓሮ እንደ ጎረቤት እያየህ ነው የምታልፈው። የተሰጣ አንሶላ፣ ፍሬው የረገፈ ሎሚ፣ ባቡር በመጣ ቁጥር የሚጮህና ልማድ ያልሆነለት ውሻ። ከበስተግራ ተራሮቹ እንደ ገለባ ቢጫ ሆነዋል። ብርሃኑ መስኮቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ፣ «ይኼ ሁሉ እዚህ ነበር?» ይላል።

እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሜ ወያላ ሆንኩ። የባቡሩ ሾፌር የጣቢያውን ስም በማይክ አጉረምርሞ ሲጨርስ፣ እኔ በአዲስ አበባ ታክሲ ዜማ እደግመዋለሁ። «ኮሊሲየም፣ ሳን ሊያንድሮ፣ ቤይ ፌር፣ አንድ ሰው የቀረው። ጠጋ በሉ፣ እናትዬ ጠጋ በይ፣ ሒሳብ ወደዚህ።» በሩ ሊዘጋ ሲል በመዳፌ ሁለቴ መታ አድርጌ «ሳበው» እላለሁ፣ ባቡሩም እውነት እኔን ሰምቶ ይነሳል። መጀመሪያ የሳቁት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ቀጥሎ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ። ከዚያ ሙሉ ፉርጎው። አንዱ ሄይዋርድ ሲወርድ በወያላ ደንብ እጁን ዘርግቶ ሳንቲም ሰጠኝ፣ እኔም መልስ የለኝም ብዬ አባረርኩት። ብርሃኑ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «በቃ፣ በናትህ ሽፈራው፣ አንጀቴ ቆሰለ» ይላል።

«በናትህ» ሲለኝ ሰማሁት፣ ግን አላቆምኩም።

እዚያ ሳቅ መሀል ነው ከረጢቱን ያወጣው። ባቡር ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ ጃኬቱን ጉልበታችን ላይ ዘርግቶ ከሥሩ ያድለኝ ጀመር። ዳቦ ቆሎው የበርበሬና የኑግ ሽታ ነበረው፣ በጥርስ ሲያዝ ቀጭ ብሎ ከዚያ ይቃጠላል። ፊት ለፊታችን ኮፍያ ያደረጉ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ተቀምጠው ስንደባበቅ አዩን። ብርሃኑ አፈረና እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ሰጣቸው። ቀመሱ። ዓይናቸው በራ።

«ሁ ሜድ ዚስ?» አሉት።

«ማይ ማዘር።»

«ቴል ዮር ማማ አይ ሴድ ታንክ ዩ።»

«አይ ዊል» አለ ብርሃኑ። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ቀጠለ። «ነገ እደውልላታለሁ። ዳቦ ቆሎሽን ባቡር ላይ የአሜሪካ ባልቴት በላችልሽ እላታለሁ። እማዬ ግን አታምነኝም።»

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። «ሳውዝ ሄይዋርድ፣ ዩኒየን ሲቲ፣ የሞላ» ብዬ ጮህኩ፣ ሴትየዋ እንደገና ሳቁ። ብርሃኑም ሳቀ።

ፍሪሞንት፣ መጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ ፉርጎው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ባቡሩ ወደ ኋላው እስኪነሳ በሩ ተከፍቶ ይቆማል፣ ሙቅ ነፋስ ይገባል። ብርሃኑ ከረጢቱን ገለበጠውና ጥጉ ላይ የቀረውን፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር፣ አራግፎ መዳፌ ላይ አፈሰሰው።

«ላንተ» አለኝ። «እንዲህ ስቄ አላውቅም።»

«አስቀር» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ጥቂት አስቀር፣ ሁለት ፍሬም ብትሆን። ግን ለምን ቢለኝስ? ፊቴ ላይ ቢያነበውስ? አደራ አለብኝ። በዚህ ነው እስከ ዛሬ ለራሴ የማመካኘው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ዳቦ ቆሎው ይጣፍጥ ነበር፣ እኔም ቀልዱ ሞቆልኝ ነበር። ወደ አፌ ጣልኩትና እጄን ወንበሩ ላይ አራገፍኩ። ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ ቀረ።

ኤል ሴሪቶ ስንወርድ ፀሐይ ወደ ባህሩ አዘንብላ ነበር። ብርሃኑ እጄን ይዞ የእኔን የወያላ ዜማ እያዜመ ነው የሚሄደው። እሱ ነው የሚያዜመው፣ ያ ዝምተኛ። የቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን ቆመ። ደጃፋችን ላይ መኪና ተደርድሯል። የጋሽ ተሰማን መኪና ያውቃታል። ቀጥሎ የሎስ አንጀለስ አጎቱን መኪና አየ።

ያገራችን ሰው ደጁ ላይ ያለወትሮው መኪና ሲደረደር ካየ ማንም አይነግረውም፣ ያውቃል።

«ማን ነው?» አለኝ።

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ብርሃኑ ትንሽ ቆሞ አየኝ። ፊቱ ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም ነበር፣ መሄጃ ያጣ ይመስል እዚያው ቆሟል። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ብቻውን ወደ ቤት ሄደ። እኔ ደረጃው ሥር ቀረሁ። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ ሰዎቹ ተነስተው ነው። ከዚያ የጋሽ ተሰማ ድምፅ፣ ከዚያ የእሱ።

በኋላ ጋሽ ተሰማ ሊሄዱ ሲሉ ትከሻዬን ያዙኝ። «ተባረክ፣ ሽፈራው ሰው ሆንክ» አሉኝ። ከእሳቸው ያገኘሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው። እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ለቀስተኛው ጋብ ያለ ዕለት፣ ብርሃኑ ጃኬቱን አንስቶ ያን ከረጢት ከውስጡ አወጣ። እጁን ከተተ። ከዚያ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። ምንም አልነበረም። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ታውቅ ነበር» አለኝ።

«አዎ።»

«ትንሽ አስቀር ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቢቆጣ ጥሩ ነበር። ዕቃ ቢወረውርብኝ ጎንበስ ብዬ የሆነ ነገር እል ነበር። እሱ ግን ባዶውን ከረጢት አጥፎ፣ በቀይ ክሩ አስሮ፣ እንደ ድሮው ልብሶቹ ሥር አስቀመጠው። ከእኔ የሚደብቀው ነገር እንኳ አልቆበት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ላለው ሥራ ጠርተውኝ ያውቃሉ። «እከሌን እስከ ማታ ያዝልን፣ አንተ ትችልበታለህ» ይሉኛል። ሺፍት አለብኝ እላለሁ። ዛሬማ መርዶው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ በስልክ ይደርሳል፣ ሰዉም ያማርራል፣ ወግ ጠፋ ይላል። እኔ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ሰው ሐዘኑን ብቻውን መንገድ ላይ እንዳይሰማው ያደረጉት አባቶች ልክ ናቸው። ለዚያ ቀን እኔን መምረጣቸው ግን ለምን ነበር እላለሁ።

ቅዳሜ ልጄን ሳን ሆዜ አድርሼ ጣቢያው ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ብርሃኑ ከዚያ ብዙም የማይርቅ ቤት አለው፣ ሦስት ልጆች አሳድጎ አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው። በየዓመት በዓሉ ኮል ያደርግልኛል፣ እኔም አስቀዋለሁ። ኮል ላደርግለት ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ወደ ኦክላንድ የሚመለሰው ባቡር መጣ፣ ተሳፈርኩ።

እንግዲህ ፉርጎ ሙሉ ሰው ማሳቄን ካላመናችሁ፣ ባቡሩ ይኸው፣ እስከ ሳን ሆዜ ይወስዳችኋል። ሂዱና ብርሃኑን ጠይቁት። ያስቅ ነበር ወይ በሉት። ያስቅ ነበር ይላችኋል፣ ሰውየው ውሸት አያውቅም። እዚያው እያላችሁ ደግሞ፣ ያን ቀን ስለበላነው ነገር ዛሬ ምን እንደሚል ጠይቁልኝ። ያላችሁን መጥታችሁ ንገሩኝ። እኔ እስካሁን አልጠየቅሁትም።