እናቴን አዋሽ ሰባት ኪሎ ያወረድኩ ቀን

አዋሽ ሰባት ኪሎን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሆዱ ነው። ከሰመራ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሾፌሩ "ሠላሳ ደቂቃ!" ይላል፣ ጥብስህን በልተህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ የታሸገ ውሃህን ይዘህ ትመለሳለህ። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ የፍየል መንጋ በሚያቋርጠው ሜዳ ማዶ፣ አንድ ሙሉ የባቡር ከተማ እንደቆመ የሚነግርህ የለም። ጣቢያው አለ፣ የሠራተኞቹ የድንጋይ ቤቶች አሉ፣ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ መሬቱ በድንገት ተሰንጥቆ አዋሽ ወንዝ ከታች ይሄዳል። ተሳፋሪው ግን ጀርባውን ለዚህ ሁሉ ሰጥቶ ጥርሱን ይጎረጉራል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ እኔም ስንት ጊዜ ከጎረጎሩት አንዱ መሆኔ ነው።

እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው። አባቷ ከወሎ ወርዶ ሐዲድ ይጠግን ነበር። እሷ አግብታ ዱብቲ፣ ኋላም ሰመራ ከሄደች በኋላ አባቷ ሞተ፣ ቤተሰቡ ተበተነ፣ ቤቱም ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ባለፈች ቁጥር አውቶቡሱ አልጠበቃትም። ልጅ ሆኜ በሰመራ ሙቀት እንቅልፍ ሲያጣኝ የምትነግረኝ ስለዚያ ቤት ነበር። ግጥም መጻፍ ያስጀመረኝም እሱ ወሬ ነው። ጣቢያውን በዓይኔ ሳላየው ሦስት ግጥም ጽፌበታለሁ፤ ሦስቱም የማይረቡ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ዓይኗ ጭራሽ ጠፋ፣ ግራውን ሞራ ሸፈነው። ሐኪሙ "ሞራውን እንገፈዋለን፤ ከኋላው ያለው ምን እንደሆነ ግን የምናውቀው ሲገፈፍ ነው" አላት። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻይ እየቀዳች፣ "አዲስ አበባ ከመሄዳችን በፊት ቤታችንን አንዴ ልየው። በኋላ ባላይስ?" አለችኝ።

ሞራው የሚገፈፍበት የአዲስ አበባው ክሊኒክ ቀጠሮ ጠዋት ስለነበር፣ በዋዜማው አዋሽ ላይ ወርደን ቤቱን ልናይ፣ አድረን ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ልንነሳ ተነጋገርን። ስለዚህ የነበረን የዚያ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ብቻ ነው። ቀን ከሆነ እናቴ በግራ ዓይኗ ፊት ትለያለች፣ ቀለም ትለያለች። ሲመሽ ግን አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ ጥላ ነው የሚሆንባት።

አውቶቡሱ ይህን አያውቅም። አንዴ ጎማ ተነፈሰ፣ አንዴ ኬላ ላይ ቆምን፣ አንዴ ሾፌሩ ከሰል ለመግዛት ወረደ። በምሳ እንገባለን ያልነው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ገባን።

"ወራጅ!" አልኩ።

"ምሳ ነው ወንድሜ፣ ሁሉም ወራጅ ነው" አለ ረዳቱ።

"እኛ እዚሁ ቀሪ ነን። ሻንጣችንን አውርድልን።"

"እዚህ? ምን ልትሠሩ?"

"ከተማውን ልናይ።"

ረዳቱ ወደ ሾፌሩ ዞሮ፣ "ስማ! ቱሪስት ጭነን ነበር እኮ!" ብሎ አውቶቡሱን በሙሉ አሳቀብኝ።

ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ቀጠን ያለ፣ ጎልማሳ አፋር ነው። እናቴ በአፋርኛ ሰላም ስትለው ፊቱ በራ። "እናቴ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አላት። ነገረችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ሐዲዱን፣ አባቷን፣ ዓይኗን፣ ቤቱን። እሱም "ኢሂ፣ ኢሂ" እያለ ሞተሩን ሳያስነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

አፋር አገር ለማያውቅ ሰው ዳጉን ልንገረው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ተጨባብጠው፣ እጅ ተሳስመው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ምን ዓይነት መኪና በየት አለፈ። መዝለል የለም፣ መቸኮል የለም። አድጌበታለሁ፣ አከብረዋለሁም። ግን የእናቴ ብርሃን በደቂቃ እያለቀ ባጃጃችን በየመታጠፊያው ሲቆም፣ አንዱ ከብረት ሱቅ፣ ሌላው ከመስጊድ እየወጣ እጅ ሲሳሳሙ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቃጠልኩ።

"ወንድሜ፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነው!" አልኩት።

"ፀሐይ ነገም አለች። ይህ ሰውዬ ከገዋኔ ነው የመጣ፣ ነገ የለም" አለኝ ሳይዞር።

"ተወው አንተ ልጅ" አለች እናቴ። "ሰው ሳያወራ እንዴት ይተላለፋል?"

"እማ፣ የመጣነው ለወሬ ነው ወይስ ለቤቱ?"

"ምን ያነጫንጭሃል!"

ጣቢያው ስንደርስ በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ተነሳና፣ "ፎቶ ክልክል ነው" አለን።

"ፎቶ አላነሳም።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

እናቴ ቀድማኝ "አባቴ እዚህ ይሠራ ነበር" ስትለው ወደ ጎን አለ። መድረኩ ላይ ወጣን። የዛጉ ፉርጎዎች ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ግድግዳው ላይ የፈረንሳይኛ ፊደል ቀለሙ ተልጦ ግማሹ ቀርቷል፤ በሐዲዱ መሀል እሾህ በቅሎበታል። ከአስፋልቱ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ እዚህ ግን ጎልቶ የሚሰማው የርግብ ክንፍ ነው። እናቴ ፊቷን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው፣ ድንጋዩን ጫፍ እስከ ጫፍ እያየች ሄደች። በሌላ አገር ቢሆን እዚህ ቲኬት ይቆረጥ ነበር። እኛ ዘንድ ለምን መጣህ ትባላለህ።

በባጃጁ ወደ ሠራተኞቹ ቤቶች ስናመራ ፀሐይዋ ከኮረብታው አናት ብዙም አልራቀችም ነበር። እናቴ ቤቶቹን መቁጠር ሳያስፈልጋት "ያ ነው!" ብላ ጠቆመች። በሩ ዝግ ነበር። የጎረቤቱም ዝግ ነው፤ የወዲያኛውም። ስንመጣ ውጭ ተቀምጠው ያየኋቸው ሴቶች የሉም። አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለ የሴት ድምፅ።

"እንግዶች ነን፣ ከሰመራ።"

"ባለቤቱ የለም!"

"ባለቤት አልፈለግንም። እናቴ ቤቱን ልታየው ነው እንጂ..."

"ቤቱን እንደምትፈልጉትማ ሰምተናል! መብት ካላችሁ በሕግ ኑ! እኔ በቀበሌ ነው የገባሁት!"

ገና ከባጃጅ ሳንወርድ የመጣንበት ምክንያት በየመታጠፊያው በተወራው ዳጉ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከበሩ ትይዩ ያለው ባለሱቅ ጫቱን እየቀነጠሰ በኩራት ሲያየኝ ነው። እንደኛው ወሎዬ ነው፣ አነጋገሩ ያሳብቅበታል።

"አንተ ነህ የነገርካት?" አልኩት።

"እኔማ የሰማሁትን ነው። ከሰመራ አንዲት ሴት የአባቷን ቤት ልታይ መጣች አሉ። ወንድሜ፣ የአባትን ቤት ዛሬ ያየ ሰው ነገ ይጠይቃል። ለከንቱ ማን ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል?"

አፋሮቹ ከአፍ አፍ ያደረሱት እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አላጎደሉም። ወሬው የተበላሸው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። እነሱ የሰሙትን ያስተላልፋሉ፤ እኛ የሰማነው አይበቃንም፣ ምን ለማለት እንደተፈለገ እንጨምርበታለን።

በሩን በጡጫ ደበደብኩት። "ክፈቺ እንጂ ሴትዮ! ሊመሽባት ነው! ዓይኗን ታማለች!"

"ጩኸትህን እዚያው!"

"ዝም በል" አለች እናቴ። ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና፣ ለበሩ መናገር ጀመረች። "ልጄ፣ ወላሂ ቤትሽን አልፈልግም። እኔ ሰመራ ቤት አለኝ። ሙቀቱን ከቻልሽው እሱንም እሰጥሻለሁ።"

ከውስጥ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ታፈነ። ከዚያ ድምፁ ቀረብ፣ ዝቅ ብሎ መጣ። "እናቴ፣ ለእኔ ቢምሉልኝ ምን ያደርግልኛል? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ነገ ቀበሌ ሰምቶ 'ቤቱ ክርክር አለበት' ቢለኝስ? ባሌ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?"

እናቴ ወደ ባጃጁ ሾፌር ዞራ፣ ሰፈሩ እየሰማ ዳጉውን እንደገና ጠይቀኝ አለችው በአፋርኛ። ሰውየው ሞተሩን አጠፋ፣ መጥቶ ከፊቷ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና፣ ገና አሁን እንደተገናኙ ሁሉ እጇን ስሞ ከመጀመሪያው ጠየቃት። ከየት መጣሽ? መንገዱ እንዴት ነው? ዝናብ አለ? ከብቱ እንዴት ነው?

"ስለ ቤቱ ብቻ ንገሪው!" ጮኽኩ። ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ ወደ ላይ እየተሳበ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ደርሶ ነበር።

ሾፌሩ እጁን አነሳ። "መሀል ላይ የሚጀመር ዳጉ የለም።"

ነገረችው። እሱም ተነሥቶ ለባለሱቁ፣ ለተዘጉት በሮች፣ ለሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ በአማርኛ መለሰው። ሰመራ እንዳልዘነበ፣ ጎማ እንደተነፈሰ፣ ሐኪሙ ስለ ሞራው ያለውን፣ ቤቱን አይታ ልትሄድ እንጂ ልትወስድ እንዳልመጣች፣ ወላሂ ብላ እንደማለች። ስለ ሰመራ ሙቀት የቀለደችውንም አልተወም። "ልጇም መንገዱን ሁሉ ሲነጫነጭ ነበር" ብሎ ጨረሰ። ባለሱቁ ጫቱን ትቶ መሬት መሬት አየ። የጎረቤት በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላው። መጨረሻ ላይ የእኛው።

ሴትየዋ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ የአንገት ማተብ ያሰረች ወጣት ናት። "ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ" ብላ እናቴን በሁለት እጇ አቅፋ አስገባቻት።

ውስጡ ጨልሞ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የስልኬን መብራት አበራሁ፤ እናቴ ፊቷን በእጇ ጋረደች። "አጥፋው፣ አጥፋው። ጭራሽ ነጭ ጉም ሆነብኝ።" አጠፋሁት። በሰው ቤት መሀል፣ የተወለደችበት ቤት መሀል፣ አንገቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች ቆመች። ምንም አላየችም።

"በማርያም፣ እኔ ነኝ ያስመሸኋችሁ" አለች ሴትየዋ። "እዚሁ እደሩ። ጠዋት በደንብ ያዩታል።"

"ጎህ ሳይቀድ ነው የምንነሳው፣ ቀጠሮ አለን" አልኩ።

"አድራለሁ" አለች እናቴ።

"እማ! ቀጠሮው ካለፈ መቼ እንደሚሰጡን አይታወቅም! የመጣነው ለዓይንሽ ነው!"

"እኔስ ለምን የመጣሁ መሰለህ?" አለችኝ።

ሴትየዋ ለእናቴ አልጋዋን ለቀቀችላት፤ እኔ ምንጣፍ ላይ፣ ከልጆቹ አጠገብ ተኛሁ። ንዴቱ ግን እንቅልፍ እስኪወስደኝ አልለቀቀኝም። በረዳቱ ተናደድኩ፣ በባለሱቁ ተናደድኩ፣ በእናቴ ተናደድኩ።

ስነቃ በሩ ተከፍቷል፣ ብርሃን ወለሉን ሞልቶታል፣ እናቴ ቆማለች። ስልኬን አንስቼ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ።

"ይህችን ነው እንዴ ዘጠኝ ሆነን የኖርንባት?" አለች እናቴ እየሳቀች። "ሰፊ ነበረች እኮ!"

የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት በእንጨት አየችው። ደፍ ላይ የተበላውን ድንጋይ አጎንብሳ አየችው። ከዚያ የእሷ ያልሆነውን ማየት ጀመረች፤ የሴትየዋን ፍሪጅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን የማርያም ሥዕል፣ የተኙትን ልጆች ፊት አንድ በአንድ፣ በጣም ቀርባ። ሴትየዋ ሻይ ይዛ ቆማ ትጠብቃታለች፤ አላስቸኮለቻትም። ስልኩ አሁንም አይነሳም። ከአስፋልቱ በኩል የሚኒባስ ረዳት "አዲስ አበባ! የሞላ!" እያለ ሲጣራ ይሰማል።

"እማ፣ በቃ እንሂድ" አልኩ ከበሩ።

"ቆይ" አለችኝ ሳትዞር። "በመስኮቱ በኩል ያለውን ገና አላየሁትም።"