ዱዳዋ ባጃጅ

ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ። ያኔ ሐረር ላይ ከፈላና በር እስከ ሶፊ ድረስ ባጃጅ እነዳለሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ የማውቀውን ነው የምጽፈው።

ጎረቤቴ ከባሕር ዳር የመጣ ጡረተኛ ወታደር ነው፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል። በወጣትነቱ ጣና ላይ ጀልባ ነድቷል። «ጋሼ፣ ናፍጣውን በበርሜል እስከ ደሴቱ ድረስ እንጭን ነበር፤ ፀሐይዋ ግን እዚያው ደሴቱ ላይ ትወጣለች። ይኼ ይቆጨኝ ነበር» ይለኛል። ወሬ መስሎኝ ስቄበታለሁ። እሱም እንደኔ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በዚያ ዓመት የራሱን ባጃጅ ሞተር አውልቆ በባትሪ የሚዞር አስገባበት። የቤቱ ጣሪያ ላይ ሶላር ዘረጋ። በአንዱ ባትሪ ሲነዳ ሌላው ቤት ይሞላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ ይቀይራል።

ባጃጇ ድምፅ ስለሌላት የፈላና በር ጫት ሻጭ ሴቶች «ዱዳዋ» አሏት። እኔ ከንጋት ጀምሬ ለቤንዚን ተሰልፌ፣ እሱ በአጠገቤ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ሰላም ሲለኝ ራሱ ያናድደኛል። ደንበኞቼም «ያንተ ትጮሃለች፣ ትሸታለች» እያሉ አንድ በአንድ ወደ እሱ ሄዱ። ሐረር የተወለድኩት እኔ፣ መንገዱን የማውቀው እኔ! ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጊዜ ቤንዚን ካጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጣሪያችን ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። የባለቤቴ በርበሬ እንዲደርቅ በኛ በኩል ተሰጥቷል። በሁለት እጄ እያፈስኩ የሱ ሶላር ላይ አሰጣሁት። ከተጠየቅኩ «እዚያ ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል» ልል ነው።

ከሰዓት ባለቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቅ አለች። ሶፊ ያለች ወዳጇ ሞታ ለቀብር ልትሄድ ነው።

«በምን ትሄጃለሽ?»

«በዱዳዋ ነዋ! ያንተማ ከተኛች ሦስት ቀኗ።»

አፌን ከፈትኩ። ላስቀራት ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። መልሼ ዘጋሁት።

አመሻሹ ላይ በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ በእጇ። ባጃጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ቀብሩ አምልጧታል። ጎረቤቴ ባጃጁን ከኋላዋ እየገፋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እትዬን አጉላላኋቸው። ባትሪው ምን እንደነካው እንጃ።»

እኔን ይቅርታ! ባጃጁን እየገፋ ወደ ቤቱ ገባ።

ባለቤቴ አልተቀመጠችም፤ በርበሬዋን ልታነሳ ጣሪያ ወጣች። ቆየች። ባዶ እጇን ወረደች።

«በርበሬዬ እግር አውጥቶ ነው ሶላሩ ላይ የወጣው?»

አቀርቅሬ የጫማዋን አቧራ ማራገፍ ጀመርኩ።

«ለካ ዱዳው አንተ ነህ» ብላኝ ገባች። የወዳጇን ቀብር ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ በርበሬውን አንድ ሳላስቀር ለቀምኩ። ሶላሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ከዚያ ወርጄ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁና ያደረግኩትን ነገርኩት።