ከንቲባው የትኛዋ ነጥብ ናቸው?

ዜሊ ባርቦ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከፕሩሲያውያን ጋር በተደረገው ጦርነት ሞቶባት፣ በሴን ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ገበያው ፊት ለፊት ካለ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። መንግሥት ጁላይ አሥራ አራትን ብሔራዊ በዓል ባደረገ ጊዜ ከንቲባችን ሙሴ ግሮንዳር «በየመስኮቱ ባንዲራ ይሰቀል!» ብለው አወጁ። በጦርነቱ ጊዜ ምድር ቤት ከወይን በርሜል ኋላ ተደብቀው እንደከረሙ አገር ያውቃል፤ ያገር ፍቅር የጠናባቸው ከወጡ በኋላ ነው።

ዜሊ ስድሳ ባንዲራ ሰፋች። ቀይ ጨርቅ ሲያልቅባት ዳቦ ጋጋሪዋ ኦርታንስ የውስጥ ቀሚሷን ሰጠቻት፤ ሰጥታም ላገር መሠዋቷን ሳምንት ሙሉ አወራች።

የበዓሉ ዕለት አንድ ሰዓሊ ከፓሪስ መጥቶ በዓሉን ከላይ ሆኖ ሊሥል የዜሊን መስኮት ለመነ። እሷም ነፋስ እንዳይዘጋበት መስኮቱን ይዛለት ዋለች። አመሻሽ ላይ ሥዕሉን ገበያ መሃል ሲያቆመው ሰዉ ተንጋጋ።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉ ከንቲባው።

«እዚች ጋ፣ ሙሴ» አለ ሰዓሊው በጣቱ እያሳየ።

«ይቺማ ዝንብ ናት!»

«ዝንብስ ክንፍ አላት» አለች ኦርታንስ።

«ይሄ ደሞ ምንድን ነው? የፈረጠ ቲማቲም?»

«ባንዲራችን ነው፣ ሙሴ» አለች ዜሊ።

ከንቲባው ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው ደፉትና «ይሄ ፈረንሳይን መስደብ ነው!» ብለው ጮኹ። ሰዓሊው ሸራውን ተሸክሞ ባቡሩን ተሳፈረ።

በጸደይ አንድ የፓሪስ ጋዜጣ ያንን ሥዕል «የፈረንሳይ ነፍስ» ብሎ ጻፈ። ከዚያማ ጠቡ ሌላ ሆነ።

«ጥቁሯ ነጥብ እኔ ነኝ!» አሉ ከንቲባው መድኃኒት ቀማሚውን። «አንተ ግራጫው ነህ!»

በቀጣዩ በዓል ሁሉም በሥዕሉ ላይ ባለበት ቦታ እንዲቆም ታዘዘ። ዜሊም ያላትን ለብሳ ወረደች።

«አንቺ ወዴት ነው? ሥዕሉ ላይ የለሽም፤ ቤትሽ ግቢ!» አሏት ከንቲባው።

«መስኮቱን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«መስኮቱስ የት ታየ?»

አንገቷን ደፍታ ወደ ፎቋ ተመለሰች። ወዲያው ዶፍ ወረደ። ቦታውን የሚለቅ ጠፋ፤ ከለቀቀ ጎረቤቱ ይወስድበታላ! ከንቲባው ውኃ በአፍንጫቸው እየወረደ ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራሉ። ዜሊ ከላይ ስታያቸው ሳቋ አመለጣት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

«ኧረ ግቡ፣ ትታመማላችሁ!» አለቻቸው። ማን ሰምቷት!

ሙሴ ግሮንዳር በሳል ተይዘው ሁለት ሳምንት ተኙ። ሾርባ ያመላለሰችላቸው ዜሊ ናት።