ራሴን የነቀነቅኩበት ብሎኬት

ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በማኅበር ተደራጅተን ብሎኬት እናመርት ነበር። ከቢሯችን በር በላይ «ታማኝነት መለያችን ነው» የሚል ሰሌዳ በቀይ ቀለም ጽፈን ሰቅለን ነበር። ያ ሰሌዳ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል!

የእኔ ሥራ ውሃ ማጠጣት ነበር። ብሎኬት ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም። ሊቀ መንበራችን ግን ገዢ ከመጣ፣ ከተመረተ ገና ሦስት ቀን የሆነውንም ያስጭን ነበር።

አንድ ቀን ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሁለት ክፍል ልትሠራ መጣች።

«ሰባት ቀን ጠጥቷል?» አለች።

እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አይደል እንዴ፣ ጓለይ?» አለኝ። በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲያስዋሽ አባት ይሆናል! እኔም ከወሎ ድረስ መጥቼ ያገኘሁት እንጀራ እንዳይቋረጥ ፈርቼ ራሴን ነቀነቅኩ። ቃል ካልወጣኝ ውሸት አይሆንም ብዬ እኮ ነው።

ከክረምቱ በኋላ ተመልሳ መጣች። የተፈረካከሰ ብሎኬት በነጠላዋ ቋጥራ ነበር። ሊቀ መንበሩን አልፋ እኔ እግር ሥር ዘረገፈችው።

«ልጆቼ በተኙበት ነው የተናደው። እግዚአብሔር አወጣቸው። እሱማ ነጋዴ ነው፤ እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።»

እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግንበኛሽ ነው ያበላሸው!» እዚያው ሰሌዳው ሥር ቆሞ!

በማግሥቱ ሚስማር ይዤ ገባሁ። ያለ አስተማሪ በለመድኳት ጽሕፈት፣ ገና እርጥብ በሆነው በእያንዳንዱ ብሎኬት ላይ የተመረተበትን ቀን ጫርኩ። አባላቱ ሳቁብኝ።

«ለብሎኬት የልደት ካርድ ማውጣት ጀመርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ያለ ዕድሜው እየዳራችሁት!»

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ መኪና ይዘው መጡ። ሊቀ መንበሩ «ሰባት ቀን ጠጥቷል» አላቸውና እንደ ልማዱ ዞረ።

«አይደል እንዴ፣ ጓለይ?»

አንገቴ ሊታዘዝለት ቃጥቶት ነበር፤ ያዝኩት።

«ይሄ የአሥራ ሁለት ነው፣ አባባ፤ ዛሬ ደግሞ አሥራ አምስት ነው። አራት ቀን ይቀረዋል።»

ሽማግሌው ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «በአሥራ ዘጠኝ እመጣለሁ» ብለው ባዶ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ሊቀ መንበሩ «እንጀራችንን ዘጋሽው!» ብሎ ጮኸብኝ። ከአባላቱም አንድ እንኳ ከጎኔ የቆመ አልነበረም።

በነጋታው ሚስማሬን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ከመቀነቴ ሌላ መዘዝኩ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ሚስማር ብቻ ያለኝ መስሎት!